ለገቨርናንስና ለፖለቲካ አለመረጋጋት ሴሚናር ዝግጅት፦ መምህራን የሚይዙት የት ላይ ነው?

እህቴ፣ «በታዳጊ አገሮች ገቨርናንስና የፖለቲካ አለመረጋጋት የሚል የማስተርስ ሴሚናር ደርሶኛል፤ 20 ደቂቃ ነው የተሰጠኝ። ከየት ልጀምር? መምህራኑስ የሚይዙኝ ምን ላይ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው።

ከሁሉ በፊት የሚይዙሽ ገቨርናንስን (አገር የሚተዳደርበትን መንገድ) የለካሽበት ነገርና «አለመረጋጋት» ያልሽው ነገር አንድ ሆነው ሲገኙ ነው። የዓለም ባንክ የገቨርናንስ አመልካቾች ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱ አንዱ ራሱ የፖለቲካ መረጋጋት ነው። ብዙ ተማሪ የስድስቱን አማካይ ወስዶ «ገቨርናንስ» ይለዋል፤ ከዚያ ከአለመረጋጋት ጋር ያለውን ዝምድና በግራፍ ያሳያል። ግራፉ ያምራል፤ ግን በከፊል አንድን ነገር ከራሱ ጋር ነው ያወዳደረው። ይህን ያየ መምህር ሌላ ጥያቄ አያስፈልገውም። አማካዩን ተዪውና አንዱን ብቻ፣ ለምሳሌ የሕግ የበላይነትን ያዢ። ነጥቦቹ በአብዛኛው የባለሙያዎች ግምትና የዳሰሳ ጥናት ድምር ስለሆኑ መፈንቅለ መንግሥት ሲካሄድ አብረው ይወርዳሉ። ስለዚህ የዚያኑ ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውን ዓመት ነጥብ ተጠቀሚ። ከጎኑ የተጻፈውን የስህተት ህዳግም (ነጥቡ ወደላይም ወደታችም ሊሳሳት የሚችልበትን መጠን) እዪ፤ የሁለት አገሮች ህዳግ ከተደራረበ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት አይቻልም።

የፖሊቲን ዳታ (አገሮችን ከአምባገነንነት እስከ ዴሞክራሲ የሚመዝነውን) ከወሰድሽ ደግሞ መለኪያው ከ-10 እስከ +10 ነው፤ -66፣ -77 እና -88 የሚሉት ግን ነጥብ ሳይሆኑ ልዩ ኮዶች ናቸው (በ1990ዎቹ ሶማሊያ -77 ነበረች፤ ማዕከላዊ መንግሥት ፈርሷል ማለት ነው)። ሳታወጪያቸው አማካይ ከሠራሽ ውጤቱ ሁሉ ይበላሻል።

አለመረጋጋት ስትይም ምን ማለትሽ እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወስኚ። ተቃውሞ፣ መፈንቅለ መንግሥትና የእርስ በርስ ጦርነት መንስኤያቸው የተለያየ ነው። የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የግጭት ዳታ አንድን ግጭት የሚመዘግበው በዓመት ቢያንስ 25 ሰው በውጊያ ሲሞት ነው፤ ጦርነት የሚለው ከ1000 ጀምሮ ነው። ፓወልና ታይን የተባሉ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ዳታ መፈንቅለ መንግሥት ተሳካ የሚለው አድራጊዎቹ ቢያንስ ሰባት ቀን ሥልጣን ላይ ሲቆዩ ነው። በ2015 ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጄኔራል ዲያንዴሬ ሴፕቴምበር 16 ሥልጣን ይዘው ሴፕቴምበር 23 የሽግግር ፕሬዚዳንቱ ተመለሱ፤ መቁጠር የምትጀምሪበት ሰዓት ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ከትርጉሙ ዳር ላይ የሚወድቅ ጉዳይ ራስሽ አንሺው፤ እስኪጠይቁሽ አትጠብቂ።

«ታዳጊ አገሮች» የሚለውን በ20 ደቂቃ አትችዪውም። እኔ ማሊንና ሴኔጋልን እመርጥልሻለሁ፤ ጎረቤታሞች ናቸው፣ ሁለቱም በፈረንሳይ ተገዝተዋል። ገቨርናንስንም ወደ አንድ ተቋም አውርጂው፦ የምርጫ ክርክር የሚዳኘው ፍርድ ቤት። ማሊ ውስጥ በ2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የ31 የፓርላማ መቀመጫዎችን ውጤት ሻረ፤ ገዢው ፓርቲ ተጠቀመ፤ ከጁን ጀምሮ ዋና ከተማዋ ባማኮ በሰልፍ ተጥለቀለቀች፤ ኦገስት 18 ወታደሮች ከባማኮ አጠገብ ካለው የካቲ የጦር ሰፈር ተነስተው ፕሬዚዳንት ኬይታን አወረዱ። ሴኔጋል ውስጥ የያኔው ፕሬዚዳንት ማኪ ሳል የ2024ን ምርጫ ሲያራዝሙ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ውሳኔውን ሻረው፤ ማርች 24 ምርጫው ተካሂዶ ሥልጣን በሰላም ተላለፈ። ሁለቱም ጋ ዳኞች ጣልቃ ገቡ፤ አንዱ እሳቱን አቀጣጠለ፣ ሌላው አበረደ። የሴሚናርሽ ጥያቄ ይህ ልዩነት ከምን መጣ የሚለው ይሁን።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የማሊው ፍርድ ቤት ቆስቋሽ ነው፤ ሥረ መንስኤ ነው ብለሽ ግን አትሙግቺ። ሰሜኑ ከ2012 ጀምሮ በታጣቂዎች ተናግቷል፤ የማርች 2012ቱ መፈንቅለ መንግሥትም ከዚያው ከካቲ ነው የተነሳው፤ ያኔ ወታደሩ ያኮረፈው በጦርነቱ አያያዝ ነበር። ሴኔጋል ይህን ያህል ጦርነት የለባትም፤ ወታደሮቿም ከነፃነት ወዲህ ሥልጣን ይዘው አያውቁም። «ልዩነቱ የፍርድ ቤቱ ሳይሆን የጦሩ ቢሆንስ?» የሚል ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣልሻል፤ መልሱን በስላይድ ይዘሽ ግቢ። የ2012ንና የ2020ን ጎን ለጎን ማየት እዚህ ይረዳሻል፤ ጦሩ ያው ነው፣ ቆስቋሹ ግን የተለያየ ነው።

ዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል። የኦገስት 2020ው መፈንቅለ መንግሥት በእኛ ነሐሴ 12 ቀን 2012 ነው። የአማርኛ ዜናና የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀላቅለሽ ካነበብሽ ሁለቱም «2012» ይሉሻል፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ክስተት ነው። ሁሉንም ወደ እ.ኤ.አ. ቀይሪና በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ግለጪው።

ጊዜውን እንዲህ ክፈዪው፦ ጥያቄው 2 ደቂቃ፣ ትርጉምና ዳታ 4፣ የሁለቱ አገሮች ንጽጽር 9፣ ተፎካካሪ ማብራሪያዎች 3፣ ድምዳሜና የጥናቱ ውስንነት 2። ከ8 ስላይድ አትለፊ። የተለመደው ስህተት ጽንሰ ሐሳብ ላይ 12 ደቂቃ መጨረስ ነው፤ ንጽጽሩ ሲደርስ ሰብሳቢው «ሁለት ደቂቃ ቀረሽ» ይላል። የቀናቱን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ አትመሽ ለሁሉም አድዪ፤ ስላይድ ላይ ቀን ማንበብ ጊዜ ይበላል።

ጽሑፉን አስተያየት ለሚሰጠው መምህር ቢያንስ ከሳምንት በፊት ላኪለት። በዋዜማው ከደረሰው የሚያነበው መግቢያውን ብቻ ነው፤ ያኔ የሚሰጥሽም ስለ ሰዋስውና ስለ ማጣቀሻ አጻጻፍ እንጂ ስለ ሙግትሽ አይሆንም።