ኡራልዎ የትኛው ኡራል ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ከባድ መኪናዎች

ጥያቄ፦ በጨረታ የገዛሁት ኡራል (የሶቪየት ሥሪት ከባድ መኪና) በናፍጣ የሚሠራ ነው። ሊብሬው ላይ ሞዴሉ አልተጻፈም። «የካማዝ ሞተር ነው» ተብዬ የገዛሁት የቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ጋርኒሲዮን (ማሸጊያ) ግን አልገጠመም። ትክክለኛውን እንዴት ልለይ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኡራል የሚለው ስም ብቻውን ለመለዋወጫ መግዣ አይበቃም። በብዛት የሚታወቁት ሁለት ናቸው። ኡራል 375ዲ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 180 የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተር ነበረው፤ ኤሌክትሪኩ 12 ቮልት ነው። ኡራል 4320 ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ የናፍጣ መኪና ሲሆን ኤሌክትሪኩ 24 ቮልት ነው። 375 በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 50 ሊትር ቤንዚን ስለሚፈጅ ባለቤቶች የናፍጣ ሞተር ያስገቡለታል። ስለዚህ ናፍጣ መሆኑ ብቻ 4320 አያደርገውም። ስታርተር፣ ዲናሞ ወይም አምፖል ከመግዛትዎ በፊት ቮልቴጁን በመለኪያ ያረጋግጡ።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ኮፈኑን ከፍተው በግራና በቀኝ ያሉትን የቫልቭ ክዳኖች ይዩ። በየጎኑ አራት ትናንሽ፣ የተለያዩ ክዳኖች ካሉ ሞተሩ ካማዝ 740 ነው፤ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ቴስታታ ስላለው ጋርኒሲዮኑም ስምንት ነው። በየጎኑ አንድ ረጅም ክዳን ብቻ ካለ ግን የያሮስላቭል ፋብሪካ ሞተር ሊሆን ይችላል። ከናፍጣ ፖምፓው የሚወጡትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይቁጠሩ፦ 6 ከሆኑ ሞዴሉ 236፣ 8 ከሆኑ 238 ነው። የእርስዎ ጋርኒሲዮን ያልገጠመው በዚህ ይመስለናል። ለማንኛውም ብሎኩ ላይ የተመታውን ቁጥር ጽፈው ወደ ሱቅ ይሂዱ።

የካማዝ ሞተር ፋብሪካ በ1993 እ.ኤ.አ. ስለተቃጠለ ኡራል ከዚያ ወዲህ የያሮስላቭል ሞተር መግጠም ጀመረ። በደርግ ዘመን የመጣ 4320 ላይ 236 ካገኙ ሞተሩ በኋላ ተቀይሯል ማለት ነው፤ የሊብሬው የሞተር ቁጥር ከብሎኩ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ።

ቴስታታው ከተመለሰ በኋላ ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው። በካማዝ 740 የማስገቢያው ቫልቭ ክፍተት ከ0.25 እስከ 0.30፣ የማስወጫው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው። በ236 እና በ238 ሁለቱም ከ0.25 እስከ 0.30 ናቸው። የካማዙን ማስወጫ በ236 ልክ ማጥበብ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ቫልቩ ሲግል ይረዝምና ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ጠርዙም ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ የኡራሌ ጎማዎች ሲያድሩ ይተነፍሳሉ። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። (ከአዋሽ ሰባት)

መልስ፦ ከመነዳሪውን ለጊዜው ይተዉት። ኡራል ጎማውን ከሹፌሩ ክፍል የሚነፋበት መስመር አለው፤ አየሩ በአክስሉ ጫፍ በኩል አልፎ ወደ ሚሽከረከረው ጎማ ይገባል። አየሩን ከቆመው ክፍል ወደሚዞረው የሚያሻግረው የላስቲክ ሲል (ማሸጊያ) ካለቀ አየሩ ወደ ጎማው መሐል ውስጥ ይወጣል፣ ግሪሱንም ገፍቶ ያስወጣዋል። በጎማው መሐል የሚወረዛ ግሪስ ካዩ ምልክቱ ያ ነው።

ማታ ሲያቆሙ በየጎማው ላይ ያለውን ትንሽ ቧንቧ ይዝጉ። ተዘግቶ እያደረ የሚተነፍሰው ጎማ ችግሩ ከራሱ ነው፤ አየሩን ይዞ ካደረ ግን ችግሩ ከሲሉ ወይም ከመስመሩ ነው። ማያያዣዎቹን በሳሙና ውኃ ይፈትሹ። ሲሉን ሲቀይሩ የሚያርፍበትን ብረት በጣትዎ ይዳስሱት፤ ጭረት ካለው አዲሱም ቶሎ ያልቃል።

ለ14.00-20 ጎማ የአስፋልት ልኩ 3.2 ባር ነው። በአሸዋና በጭቃ እስከ 0.5 ይወርዳል፣ ያኔ ግን በሰዓት ከ10 ኪሎ ሜትር አይለፉ፤ እንደወጡ መልሰው ይንፉ።

አደራ የምንለው ስለ ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ነው። ጎማውን የሚይዝ የብረት ቀለበት ያለው በመሆኑ አየር ይዞ ከተፈታ ቀለበቱ ተወርውሮ ሰው ይገድላል። የቫልቩን ውስጠኛ ክፍል አውጥታችሁ አየሩ ጨርሶ ሳይወጣ ቡሎን አትንኩ። ስትነፉም በብረት ሳጥን ውስጥ ወይም በወፍራም ሰንሰለት አስራችሁ፣ ከፊቱ ዘወር ብላችሁ ይሁን።

ጥያቄ፦ 4320 አስፋልት ላይ መሪው ከበደኝ፣ የፊት ጎማም ቶሎ ይበላል። (ከአዳማ)

መልስ፦ የ4320 የፊት አክስል ሁልጊዜ ይነዳል፤ የፊትና የኋላ አክስሎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያስችለው የመሐል ዲፈረንሻል መቆለፊያው ለጭቃ ብቻ ነው። ተቆልፎ ቀርቶ እንዳይሆን መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። ማንሻውን ከፈቱ በኋላ አልለቅ ካለ መኪናውን ጥቂት ወደ ኋላ ይንዱት።