ለሐዋሳ ወጣት ሠዓሊዎች፦ መጀመሪያ መዘጋቱን አስቡ

ውድ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የገፋሁት ሐዋሳ ውስጥ በሕትመት ሥራ ነው። ወረቀት ስቆርጥ፣ ሳጥፍ፣ ስጠርዝ ኖሬያለሁ። ሥዕልና ግራፊክስ የምትማሩ ልጆች አልፎ አልፎ እየመጣችሁ ሥራችሁን በስልክ ታሳዩኛላችሁ። ጎበዞች ናችሁ። ዛሬ ስለምወደው ነገር ልንገራችሁ፤ ፖፕ አፕ ስለሚባለው የልጆች መጽሐፍ። ገጹ ሲገለጥ ቤቱ፣ ዛፉ፣ አውሬው ብድግ የሚልበት ማለቴ ነው።

የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በመጽሐፍ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የተጀመረው ለአዋቂ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ መነኮሳት የሚሽከረከሩ የብራና ክቦች መጽሐፋቸው ውስጥ ይሠሩ ነበር። ለልጆች የሚሆን፣ ገጹ ላይ ያለው ክዳን ሲገለጥ ሥዕሉ የሚቀየር መጽሐፍ ሮበርት ሴየር ለንደን ላይ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1765 አካባቢ ነው። እኔ ግን ከሁሉም የማደንቀው የሙኒኩን ሎታር ሜገንዶርፈርን ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው የሰርከስ መጽሐፍ ሲዘረጋ ግማሽ ክብ ሠርቶ ይቆማል። በሌሎች ሥራዎቹ ደግሞ አንዷን የወረቀት ምላስ ስትስቧት እጅም፣ ዓይንም፣ አፍም አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ምስጢሩ በሁለት ወረቀት መሃል የደበቃቸው ትንንሽ የሽቦ ጥቅልሎች ናቸው።

ልጁን የሚማርከው ምንድን ነው? እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ሥራውን ራሱ መሥራቱ ነው። ቴሌቪዥን ላይ አንበሳው ልጁ አየውም አላየውም ያገሳል። እዚህ ግን ልጁ ካልገለጠ አንበሳው አይነሳም። ቀስ ብሎ ከገለጠ ቀስ ብሎ ይነሳል። ሲዘጋው ይተኛል። ለዚያ ነው አሥሬ የሚደጋግመው።

ታዲያ ምክሬ አንድ ነው፤ ከመዘጋቱ ጀምሩ። ጀማሪ ሁሉ የሚጨነቀው ሲከፈት ለሚታየው ነው። ያ ሁሉ ግንብ ግን ተጣጥፎ ለጥ ብሎ መተኛት አለበት። ጫፉ ከገጹ ካለፈ ይጨማደዳል። ገጹ ላይ የሚጣበቁት ሁለቱ እግሮቹ ከመሃል እጥፋቱ ጋር እኩል ማዕዘን ካልሠሩ ደግሞ ቅርጹ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ገጹም አልዘጋ ይላል። ቀለም ከመንካታችሁ በፊት በነጭ ወረቀት ሠርታችሁ ደጋግማችሁ ዝጉት።

ከቅርባችሁ ጀምሩ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ ትልቁን ወፍ አባ ኮዳን ያላየ የሐዋሳ ልጅ የለም። አንድ ወረቀት ለሁለት እጠፉ። ከእጥፋቱ መሃል ወደ ውስጥ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በመቀስ ቁረጡ። ከቁርጡ በላይና በታች ያለውን ወረቀት ሦስት ማዕዘን አድርጋችሁ እጠፉና መልሱት። ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋችሁ ሁለቱን ሦስት ማዕዘኖች በጣታችሁ ወደ ፊት አውጧቸው። ገጹ ሲከፈትና ሲዘጋ ምንቃሩም አብሮ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ራሰ በራ ጭንቅላቱንና አንገቱ ሥር የሚንጠለጠለውን ከረጢት ዙሪያውን ሳሉበት። በቃ፣ አባ ኮዳ ዓሣ ለመነ ማለት ነው።

ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ከተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ኮላ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪፕቶ። የሚታጠፈውን መስመር መጀመሪያ በእስክሪፕቶው ጫን ብላችሁ አስምሩት፤ እጥፋቱ ጥርት ይላል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 250 ግራም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ከዚያ የሳሳው በልጅ እጅ አይበረክትም። ወረቀት የራሱ አቅጣጫ እንዳለውም አትርሱ። በቁመቱም በወርዱም ቀስ ብላችሁ ለመጥ አድርጉት። እሺ ባላችሁ በኩል ዋናውን እጥፋት አድርጉ።

ዛሬም ቢሆን ይህን መጽሐፍ ማሽን ያትመዋል፣ ማሽን ይቆርጠዋል፤ የሚያጣጥፈውና የሚያጣብቀው ግን የሰው እጅ ነው። ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። ከተማችን ውስጥ የሠለጠነ እጅ ሞልቷል። ከእናንተ መሃል ጥቂቶቹ ተሰባስባችሁ በራሳችን ተረት፣ በራሳችን ሐይቅና ወፍ ብትጀምሩት ምንኛ በወደድኩ!

ስትጨርሱ ለሚያደንቃችሁ ጓደኛ አትስጡት። አራት ዓመት የሆነው ልጅ ያለበት ቤት ውሰዱት። አታግዙት፣ አታስረዱት፤ እጁን ብቻ ተመልከቱ። የቀደደውን ቦታ አጠንክሩ፣ ዞር ብሎ ያላየውን አውጡ። ከዚያ እንደገና ሠርታችሁ መልሳችሁ ውሰዱለት።