መልስ፦ ምርመራው ምንም አላሳየም፣ ልጄን ግን ያቅለሸልሻታል

እህቴ፣ የ9 ዓመት ልጅሽን ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻታል፤ ምርመራው ሁሉ ምንም በሽታ አላሳየም። “እያስመሰለች ይሆን?” ብለሽ ጠይቀሻል። በፍጹም! የሆድና የአንጎል መልእክት ሲዛባ፣ ቁስል ሳይኖርም ከምር ያቅለሸልሻል፤ ሐኪሞች “ፈንክሽናል ኖዚያ” (functional nausea) ይሉታል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሮም 4 መስፈርት (ሐኪሞች እንዲህ ያሉ የሆድና የአንጎል ችግሮችን የሚለዩበት ዓለም አቀፍ መመሪያ)፣ ማቅለሽለሹ ዋናው ችግር ሆኖ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ከመጣ፣ 2 ወር ከቆየ፣ ባብዛኛው ከምግብ ጋር ካልተያያዘና ተመርምሮ ሌላ ምክንያት ከታጣለት ነው ይህ ስም የሚሰጠው።

ለሐኪሟ ማስታወሻ ያዢ። ስንት ሰዓት ጀመራት? ምን በልታ ነበር? ቅዳሜና እሁድስ ይተዋታል? ለእኔ ትልቁ ፍንጭ ይሄኛው ነው፤ የትምህርት ቤት ጭንቀት ካለ እዚህ ጋ ይታያል።

ግን ጠዋት ከራስ ምታት ጋር ካስመለሳት፣ ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም ያለው ከሆነ፣ ወይም እየከሳች ከሄደች፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ቶሎ ውሰጃት።