ከክበባችን የወጣችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የሰፈራችን ልጅ ደጃፌ ላይ አስቆመችኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የትምህርት ቤቷን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ እንድትመራ መርጠዋታል። «ቲቸር፣ ተማሪዎቹን በምን እንሳባቸው? ቲሸርት ብናሠራላቸው ይመጣሉ?» አለችኝ። «አስቤበት እነግርሻለሁ» ብያት ገባሁ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቲሸርቱ አይደለም ያሳሰበኝ። ሌላ ልጅ ትዝ አለችኝ።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ። አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከኮተቤ በላይ፣ የካ ተራራ ሥር ባለ ትምህርት ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የክበቡ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ያኔ ከአጥራችን ጀርባ ገብስ ይዘራ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሴቶች የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ከተራራው ሲወርዱ በክፍላችን መስኮት ይታዩናል። ሸክሙ ሴትየዋን ይውጣታል። ከሩቅ ሲያዩት ቁጥቋጦው ራሱ የሚራመድ ይመስላል። እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ ቅጠል የምትገዛው ከእነሱ ነበር። ዋጋ ትከራከርና መጨረሻ ላይ ዳቦ ጨምራ ትሰጣቸዋለች። ምጣዱ ሥር ቅጠሉ ሲንጣጣ፣ ጢሱ ዓይን ሲያቃጥል፣ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ።

ከክበቡ አባላት አንዷ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት። ሐምሌ ላይ ችግኝ ልንተክል ስንወጣ ግን እጇን ማየት ነበር። ሌሎቹ ማን ብዙ ተከለ ብለው ይፎካከራሉ። እሷ ፕላስቲኩን በጥፍሯ ከጎን ትሰነጥቀዋለች። አፈሩ እንዳይበተን በሁለት መዳፏ አቅፋ ታወርደዋለች። አፈር ትመልስበትና ዙሪያውን በተረከዟ ትጠቀጥቃለች። ከዚያ በቁልቁለቱ በኩል ውኃ እንዲያቁር ድንጋይ ትደረድርለታለች። ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ከየት አመጣሽውም አላልኳትም። እሷ አሥራ ሁለት ጽድ ተክላ ስትጨርስ ሌላው ሠላሳ አድርሷል። «ፍጠኚ እንጂ!» ነበር ያልኳት።

ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ እንዳለን የደን ጥበቃው ልጅቷን ይዟት ገባ። ሸክሟ ከነገመዱ እግሯ ሥር ተቀመጠ። ከአሮጌ ሹራብ ሥር ዩኒፎርሟን ለብሳለች። ለካ ጎሕ ሳይቀድ ከእናቷ ጋር ወጥታ፣ ቅጠሉን አውርዳ፣ ከዚያ ነበር ክፍል የምትገባው። ገመዱ የሠራው ምልክት በሸሚዟ አንገት በኩል ይታያል። እኔ ያኔ ወጣት ነበርኩ። ክበባችን ሽልማት ይጠብቅ ነበር። ተማሪው ሁሉ ፊት አቆምኳትና «እኛ እንተክላለን፣ የራሳችን አባል ትቆርጣለች» አልኩ። ተማሪው ሳቀ። እሷ አላለቀሰችም። የክበቡን ባጅ ከደረቷ ፈታ በእጄ አስቀመጠችልኝ።

ወደ ክበቡ አልተመለሰችም። ዓመቱ ሲያልቅ ከትምህርት ቤቱም ቀረች።

ጥር ላይ ብቻዬን ተራራው ላይ ወጣሁ። የተከልነው ደርቋል። አንዱን ነቅዬ አየሁት። ፕላስቲኩ እንዳለ ነው። ሥሩ መውጫ አጥቶ ውስጡ ተጠምጥሟል። ሁለተኛውም እንደዚያው። የእሷ መስመር ጋ ስደርስ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ አረንጓዴ ናቸው። ግርጌያቸው ላይ ደረቅ ሣር ተጎዝጉዟል። ሣሩ ያንን ሰሞን የታጨደ ነው። ማን እንዳደረገው ገባኝ። ቤቷን አውቀው ነበር። ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አፈርኩና ሳልሄድ ቀረሁ።

ክፍል ውስጥ ባህር ዛፍ ውኃ ይመጥጣል፣ መሬት ያደርቃል እያልኩ ነበር የማስተምረው። ሐሰት አይደለም። ግን ግማሹን ነው የነገርኳቸው። አዲስ አበባ ገና ልጅ ሳለች ዙሪያዋን ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ተመንጥሮ አልቆ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገውና ሲቆርጡት መልሶ የሚያቆጠቁጠው ባህር ዛፍ ነው እዚሁ ያቆየን። እንግዲህ «አትቁረጡ» ከማለት በፊት «ማታ በምን ታበስላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበረብኝ።

ስለዚህ ልጄ፣ ቲሸርቱን ተዪው። መጀመሪያ እናቷ ቅጠል የምትለቅመውን፣ ሃይላንድ ሰብስቦ ለቆራሌው የሚሸጠውን ልጅ ጥሪ። የአባልነት መዋጮ አትጠይቂው። ሥራውን የሚያውቀው እሱ ነው፣ እሱ ያስተምራችሁ።

ሁለተኛው የወቅቱ ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል እኔም በዚህ ጉልበቴ ወጥቼ ተክያለሁ። ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ተማሪው ተበትኗል፣ ግማሹ ክፍለ ሀገር ዘመድ ጋ ነው። ትምህርት ሲከፈት ዝናቡ ሊያበቃ ነው። የተማሪ ሥራ እንግዲህ ያኔ ነው የሚጀምረው። ከጥቅምት ጀምሮ በጀሪካን ውኃ ማመላለስ፣ መጎዝጎዝ፣ ከብትና ፍየል መከላከል፣ የደረቀውን ቆጥሮ መመዝገብ። ጉድጓዱም አርባ በአርባ ሳንቲም ሆኖ ሰኔ ላይ፣ ሳትበተኑ፣ ተቆፍሮ ይደር።

የዛሬ ልጆች አንድ የሚያናድደኝ ነገር አላችሁ። ችግኙን አቅፋችሁ ፎቶ ትነሡና ቲክቶክ ላይ ለቃችሁ ትረሱታላችሁ። ስልኩን ቤት አስቀምጣችሁ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ቆይ ግን፣ ስጽፈው ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ያንኑ ችግኝ በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ብታነሡትስ? እኔ በደብተር መዝግቤ የጠፋብኝን እናንተ በስልክ ትይዙታላችሁ። አምጡት ስልኩን።

ቅዳሜ ጠዋት ቤት ነኝ። ጓደኞችሽን ይዘሽ ነዪ፣ ፕላስቲኩ እንዴት እንደሚወጣ በእጄ አሳያችኋለሁ። ከዚያ አብረን ወደ ላይ እንወጣለን። ባለፈው ጥምቀት ማግስት ስቆጥራቸው ከዘጠኙ ጽዶች አራቱ ቆመዋል። የአንደኛው ግንድ ከጭኔ ይወፍራል።