ደብተሩ በታክሲ ሥዕል አለቀ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ 7ኛ ክፍል ነው። የሳይንስ ደብተሩን ከኋላ ጀምሮ ሚኒባስና ላዳ ሞልቶበታል። የሒሳብ መምህሩ አስጠርተውኝ «ክፍል ውስጥ ሥራው ሥዕል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት እኮ ሚኒስትሪ አለበት» አሉኝ። አባቱ ቀለሞቹን ቆለፈበት። አበዛነው እንዴ? ሥዕሉን አንሥቼ ልኬልዎታለሁ።
(እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ትንሽ አብዝታችሁታል። ቀለሞቹን ይመልሱለት።

ሥዕሉን ደጋግሜ አየሁት። ሚኒባሱን ከኋላ በኩል አግድሞ ነው የሣለው። ራቅ ያለው ጎማ አነስ ብሏል። ልጁ በዓይኑ መጠን እየለካ ነው። የሒሳብ መምህሩ ቢያዩት ምጥጥን ለማስረዳት በተጠቀሙበት ነበር።

እሳቸውም ግን አልተሳሳቱም። በሒሳብ ሰዓት ሒሳብ ነው። መስመር የሌለው ደብተር ይግዙለትና ሥዕል እዚያ ላይ ብቻ ይሁን። ጥናቱን ሲጨርስ ደግሞ አይከልክሉት።

አሁን ትንሽ ልማረር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የሚባል ትምህርት አለው። ደስ ይላል። እኔ ሥዕል ሳስተምር ግን ፈተና ሲቃረብ መጀመሪያ የሚወሰደው የኛ ክፍለ ጊዜ ነበር፤ ለሒሳብ ማካካሻ! በተረፈውም ሰዓት ብዙ ቦታ ሰሌዳ ላይ ጎጆ ይሣልና «ገልብጡ» ይባላል። ፀሐይዋም ሁልጊዜ በሁለት ተራራ መሐል ናት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያደገው ልጅ ሳይቀር ጎጆ ይገለብጣል። እኔ «ከበራችሁ ስትወጡ የሚታያችሁን ሣሉ» እል ነበር። ያኔ ሮቶው፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የጎረቤት ዲሽ መምጣት ጀመረ። የቤት ሥራ ግን አልሰጥም፤ የታላቅ ወንድም እጅ ይገባበታል።

ለአባቱ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አፈወርቅ ተክሌ በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እዚያ አስተማሪዎቻቸው ችሎታቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው ትልቁ የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ነው። ልጃችሁ አፈወርቅ ይሆናል እያልኩ አይደለም። መካኒክም፣ መሐንዲስም ሊሆን ይችላል፤ በመኪና ፍቅሩ እኔ መካኒክነቱን እጠረጥራለሁ።

በወላጆች ቀን የሒሳብ ውጤቱን ጠይቀው ሲጨርሱ የጥበባት መምህሩንም ይፈልጉ። ማንም ወላጅ አይፈልጋቸውምና ደስ ይላቸዋል። የታክሲውን ደብተር ይዘው ይሂዱ።