መቅረጫውን ከመክፈታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

የቅማንት ሕዝብ ቋንቋ የሆነውን ቅማንትነይን ከአያቶቻችሁ አፍ ለመቅረጽ በጎንደር ወደ ጭልጋና ወደ ላይ አርማጭሆ መንደሮች ልትወጡ መሆኑን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ስልካችሁን ከኪሳችሁ ሳታወጡ እኔ በጎልማሳነቴ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ራሱን ቅማንት ብሎ ያስመዘገበው ሰው 172,327 ሲሆን፣ ቋንቋውን የአፍ መፍቻዬ ነው ያለው 1,650 ብቻ ነበር። ይህ ቁጥር አስደንግጦኝ፣ ረጅም የቃላት ዝርዝር ይዤ ከአንዲት እናት ደጃፍ ተቀመጥሁ። «አምስትን ምን ይሉታል?» ስላቸው ወዲያው «አንኳ» አሉኝ። ወደ ጓዳ ዕቃ ስንገባ ግን ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ አልወጣ አላቸው፤ አፍረው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ፣ እኔም ደብተሬ ላይ «አያውቁም» ብዬ ጻፍሁ። ወደ ማታ ታላቅ እህታቸው ከገበያ ሲመለሱ ሁለቱ እሳት ዳር ቁጭ ብለው ያወጉ ጀመር። ጠፋ ያልሁት ቃል ድስቱ እስኪፈላ ሦስት ጊዜ አለፈ፤ መቅረጫዬ ግን ተዘግቶ ነበር።

ስለዚህ ቃል ከመጠየቅ ይልቅ ሁለት አዛውንት አገናኙ። አንዱ በዚህ ተራራ፣ ሌላው በዚያ ቀበሌ፣ አማርኛ ብቻ ከሚናገር ልጅና የልጅ ልጅ ጋር ስለሚኖሩ ያጡት ትዝታውን ሳይሆን የሚያወጉትን ሰው ነው። ለመሣሪያ የያዛችሁትን ገንዘብ ለአንድ ሽማግሌ የመኪና ሒሳብ ብታውሉት እመርጣለሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ድንበርም ይከራከሩ፣ ስለ ድሮ ሠርግም ይሳሳቁ፤ እናንተ ዝም በሉ። (ዝም ማለት ለተማረ ሰው ከባድ ሥራ ነው፤ አውቀዋለሁ።)

የወምበሮቹን፣ ማለትም የቅማንት የሃይማኖት መሪዎችን፣ ጸሎት መቅረጽም ተገቢ ነው፤ ሆኖም በዚያ ብቻ አትርኩ። የቅማንትነይ የቅርብ ዘመድ የሆነውን የቋራን አገውኛ ተመልከቱ፤ በቤተ እስራኤል ጸሎት ውስጥ እስከ ዛሬ አለ፣ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣራበት ግን የለም።

በፊደል ስትጽፉም አማርኛ የሌለውን የአፍንጫና የጉሮሮ ድምፅ ለጆሯችሁ በሚቀርበው ፊደል አትሸፍኑት፤ ካስቸገራችሁ ምልክት አድርጋችሁ ድምፁን አቆዩት።

ስትመለሱ ደግሞ አንድ ቅጂ ለቤቱ ተዉ። እኔ ያን ጊዜ የወሰድሁት ካሴት ወደዚያ ደጃፍ አልተመለሰም።