መብራት ሲመለስ ስልኩ የማይመለሰው ለምንድን ነው?

አንድ አንባቢ የጻፉልኝ ባጭሩ ይህ ነው። የሚሠሩበት ድርጅት ዋና ቢሮ አዲስ አበባ ነው፣ ቅርንጫፉ አዳማ። የስልክ ሰርቨሩ (ጥሪዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ኮምፒውተር) አስተሪስክ 18 በሚባል ሶፍትዌር ይሠራል፤ ዋናው ቢሮ ተቀምጧል። አዳማ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከ9 ስልኮች ገሚሶቹ አይመዘገቡም። «ፎርቢድን» (ተከልክሏል) የሚል መልስ ይመጣባቸዋል። ሰርቨሩን አጥፍተው ቢያበሩትም ያው ነው። አንድ ሰዓት ገደማ ሲሞላ ግን ሁሉም በራሱ ይስተካከላል። «ፓስወርዱን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት፤ ምን ላድርግ?» ይላሉ።

ፓስወርዱን ይተዉት። ችግሩ እዚያ አይደለም። ፍንጩን ራስዎ ጽፈውልኛል፦ አንድ ሰዓት ገደማ።

ስልክ ሲመዘገብ ለሰርቨሩ «እኔ 101 ነኝ፤ በዚህ አድራሻና በዚህ ፖርት (በአድራሻው ላይ ያለ የበር ቁጥር) ታገኘኛለህ፤ ምዝገባዬ ለዚህን ያህል ሰከንድ ይቆይ» ይለዋል። የተለመደው 3600 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ነው። ጊዜው ሳያልቅ ስልኩ ምዝገባውን ያድሳል። ብዙዎቹ ስልኮች በወግ ሲዘጉም «ሰርዘኝ» ብለው ይወጣሉ። መብራት ድርግም ሲል ግን ማን ይሰናበታል? ሲመለስ የአዳማው ራውተር ለስልኩ ሌላ የውጭ ፖርት ሊሰጠው ይችላል። የኢንተርኔት አድራሻውም ሊቀየር ይችላል። ለሰርቨሩ ይህ አዲስ መሣሪያ ነው። የድሮው ምዝገባ ግን አልተነካም፤ ሰውየው ቤት ለቆ ሄዶ ስሙ በቀበሌው መዝገብ በድሮ የቤት ቁጥሩ እንደሚቀረው ማለት ነው። ለአንድ ኤክስቴንሽን (እንደ 101 ላለ የውስጥ ስልክ ቁጥር) የተፈቀደው ምዝገባ 1 ብቻ ከሆነ ቦታው በሌለ ስልክ ተይዟል። አዲሱን ሰርቨሩ «ፎርቢድን» ብሎ ይመልሰዋል። የድሮው 3600 ሰከንዱን ሲጨርስ ቦታው ይለቀቃል። ፖርታቸው ያልተቀየረባቸው ስልኮች ደግሞ ምንም ሳይሆኑ ይመለሳሉ፤ ገሚሱ ብቻ የሚታመመው ለዚህ ነው።

ሰርቨሩን ማጥፋትና ማብራት ያልረዳዎትም ምዝገባዎቹ ዲስክ ላይ በተቀመጠ ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚኖሩ ነው። አስተሪስክ ሲነሳ መልሶ ያነባቸዋል።

መጀመሪያ በዓይንዎ ይዩት። በአስተሪስክ ኮንሶል (ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ላይ «ፒጄሲፕ ሾው ኮንታክትስ» ብለው ይዘዙ። እያንዳንዱ ምዝገባ ከነአድራሻውና ከነሁኔታው ይወጣል። «አቬይል» ካለ ሰርቨሩ ስልኩን ጠይቆ መልስ አግኝቷል። «አንአቬይል» ካለ ጠይቆ መልስ አጥቷል። «ነንኳል» ካለ ግን ጭራሽ ጠይቆ አያውቅም። ሁሉም «ነንኳል» ከሆኑ የእርስዎ ሰርቨር የሞተውን ከሕያው የሚለይበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ከዚያ እንጀምር። በ«ፒጄሲፕ ዶት ኮንፍ» ፋይል ውስጥ፣ በኤክስቴንሽኑ «ኤኦአር» ክፍል (የምዝገባ ደንቦቹ በሚጻፉበት)፣ «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ» የሚለውን 30 ያድርጉት (የማስተካከያዎቹን ቃላት ሁሉ በአንደርስኮር ያያይዙ)። ሰርቨሩ በየ30 ሰከንዱ «አለህ?» ይላል። በ3 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካጣ ስልኩን «አንአቬይል» ይለዋል፤ ጥሪም ወደዚያ አይልክም። ይህን አቅልለው አይዩት። ይህ ካልተደረገ ጥሪው ወደሌለ ስልክ ይሄዳል፤ ደዋዩ እስከ 32 ሰከንድ ድረስ ዝምታ ሊሰማ ይችላል። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይህን አይቻለሁ። ታካሚዎች ይደውላሉ፣ የሚያነሳ የለም፣ እንግዳ ተቀባይዋ ደግሞ ስልኳ አንዴም አልጮኸም። እሷ ስትወቀስ ነበር የከረመችው። እስካሁን ያሳዝነኛል።

ይኸው ጥያቄ ሌላም ጥቅም አለው። በራውተሩ ላይ የተከፈተው መንገድ ሥራ ሲፈታ እንዳይዘጋ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ለጠረጴዛ ስልኮች «ማክስ ኮንታክትስ» (ለአንድ ኤክስቴንሽን የሚፈቀደው የምዝገባ ብዛት) 1፣ «ሪሙቭ ኤግዚስቲንግ» ደግሞ «የስ» ይሁን። አዲስ ምዝገባ ሲመጣ የድሮው ይወጣለታል። የ«ፎርቢድን» ጣጣ እዚህ ላይ ያበቃል።

ነገር ግን በአንድ ኤክስቴንሽን የጠረጴዛ ስልክም የሞባይል አፕም የሚጠቀም ሰው ካለ ይህን አያድርጉበት። ሁለቱ መሣሪያዎች ቀኑን ሙሉ እየተገፋፉ ይውላሉ። አንዱ ሲመዘገብ ሌላው ይወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ማክስ ኮንታክትስ» 2 ወይም 3 ይሁን፣ «ሪሙቭ ኤግዚስቲንግ» «ኖ» ይቆይ፣ «ሪሙቭ አንአቬይለብል» የሚለው «የስ» ይሁን። ያኔ ቦታ ሲጠብ የሚወጣው መልስ ያልሰጠው ብቻ ነው። «ኳሊፋይ ፍሪኩዌንሲ» ካልተሞላ ግን ይህ አይሠራም፤ ያልተጠየቀ ስልክ «መልስ አልሰጠም» ሊባል አይችልም። ይህ ማስተካከያ በመጀመሪያዎቹ የ18 እትሞች ላይ የለም፤ ሰርቨርዎ ካላወቀው ወደ አዲስ እትም ይሸጋገሩ። ሞባይል ከዋይፋይ ወደ ዳታ በተሻገረ ቁጥር አዲስ አድራሻ ይዞ ስለሚመጣ የአፕ ተጠቃሚ ያለበት ቢሮ ይህን በጣም ይፈልገዋል።

ጊዜውንም ያሳጥሩ። «ማክሲመም ኤክስፓይሬሽን» 300 ይሁን። አዳማ ድረስ ሄደው እያንዳንዱን ስልክ መነካካት አያስፈልግዎትም። ስልኩ 3600 ቢጠይቅም ሰርቨሩ 300 ብቻ ይሰጠዋል። ከዚህ በታች መውረድ ለ9 ስልክ ጥቅም የለውም።

«ማክስ ኮንታክትስ»ን 10 አድርገው ነገሩን የሚገላገሉ አሉ። እባክዎ አያድርጉት። የሞቱ ምዝገባዎች ይከማቻሉ። ከዚያም የከፋው፣ ፓስወርድ የሰረቀ ሰው ከመሃላቸው ገብቶ በእርስዎ ሂሳብ ቢደውል ማንም አያየውም። «ዳታቤዝ ሾው ሬጅስትራር» ብለው አንዴ ዝርዝሩን ያንብቡ። የመሣሪያው ዓይነትና አድራሻው ይታያል። የማያውቁት አድራሻ ካገኙ፣ ፓስወርድ የሚቀየረው ያኔ ነው።

ዛሬውኑ የተቀረቀረ ስልክ ካለ ያንኑ አንድ መስመር «ዳታቤዝ ዴል» በሚለው ትእዛዝ ያጥፉት። በቁልፉ (በመስመሩ መለያ ስም) ውስጥ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ የተደራረቡበት ምልክት ስላለ ከሊኑክስ ሼል ላይ ሲያዙ በትእምርተ ጥቅስ ይክተቱት። ሙሉውን ዝርዝር በአንዴ አይደምስሱ፤ ደህናዎቹም አብረው ይጠፉና እንደገና እስኪመዘገቡ ድረስ ጥሪ አይገባላቸውም።

ሰርቨሩን በፍሪፒቢኤክስ (አስተሪስክን በድረ ገጽ ለማስተዳደር በሚረዳ ሶፍትዌር) የሚያስተዳድሩ ከሆነ ፋይሉን በእጅ አይንኩ። «አፕላይ ኮንፊግ» ሲጫን ተመልሶ ይጻፍበታል። በኤክስቴንሽኑ «አድቫንስድ» ገጽ ላይ ይቀይሩት።

ሲጨርሱ «ፒጄሲፕ ሪሎድ» ይበሉ። በፊት የተመዘገቡት እስኪያድሱ ድረስ በድሮው ጊዜያቸው ስለሚቆዩ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት አይጨነቁ። ከዚያ አዳማ ያለ ሰው ራውተሩንና አንድ ስልክ ነቅሎ እንዲሰካ ያድርጉ፤ እርስዎ ኮንሶሉ ላይ ይጠብቁ። ስልኩ በአዲሱ አድራሻ ገብቶ የድሮው መስመር መጥፋት አለበት። ካልጠፋ የዚያን ሰዓት የሎጉን (የሰርቨሩን የክንውን መዝገብ) መስመሮች፣ ፓስወርድ ያለበትን አውጥተው፣ ይላኩልኝ።